ኮሌጅ ራሱን ቢቆጣጠር ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ፦ ለንደን በሚገኝ አንድ የሙያና የጎልማሶች ኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ብርታታችንንና ድክመታችንን የምንገመግምበት ሰነድ እንድናዘጋጅ እንታዘዛለን። የእንግሊዝ የትምህርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ መጥቶ የሚፈትሸን ከሆነ፣ ይህ ከወረቀት ሥራ ያለፈ ምን ፋይዳ አለው?
አስተማሪዋ፣ ከለንደን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድካምዎ ይገባናል፤ ሆኖም ሥራው ከልብ ከተሠራ ፋይዳው ትልቅ ነው ብለን እናምናለን። የእንግሊዝ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ1993 ከአካባቢ መስተዳድሮች ተላቅቀው ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ቢሆኑም፣ በየጊዜው የሚጠይቃቸውና የሚፈትሻቸው አካል እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰር አንድሩ ፎስተር በመንግሥት ጥያቄ ያቀረቡት ጥናት ይህንን የተደራረበ ቁጥጥር ነቅፎ፣ ኮሌጆቹ ቀስ በቀስ ራሳቸውን ወደ መቆጣጠር እንዲሸጋገሩ መከረ። ሙሉ ነፃነቱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና በመንግሥት ዘርፍ ከተመደቡ ወዲህ ከባንክ ለመበደር እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ዋናው ጥቅም ጊዜ ነው። ተቆጣጣሪው የሚመጣው በዓመታት ልዩነት ነው፤ እርስዎ ግን የስም መጥሪያውን መዝገብ በየዕለቱ ይገልጡታል። የማታ ተማሪዎችዎ ማክሰኞ ማክሰኞ እየቀሩ ከሆነ፣ ምክንያቱም የሥራ ፈረቃቸው ከሆነ፣ ይህንን በሁለተኛው ሳምንት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሰዓቱን ለመቀየር የማንንም ሪፖርት ካልጠበቃችሁ እነዚያ ተማሪዎች ዓመቱን ይጨርሳሉ፤ ከጠበቃችሁ ግን ሪፖርቱ ሲደርስ እነሱ ትምህርቱን ካቋረጡ ሰንብተዋል።

ሁለተኛው ጥቅም አስተማሪው ለሙያው ባለቤት መሆኑ ነው፤ ራሱ ያገኘውን ጉድለት ለማረም ማንም አይጎተጉተውም።

እርግጥ ነው፣ ራሱን የሚመዝን ሰው ሚዛኑ ወደ ራሱ ሊያዘነብልበት ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ኮሌጅ ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጡ ባልደረቦችን ጋብዛችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጠው እንዲያዩ፣ እናንተም የእነሱን እንድታዩ አጥብቀን እንመክራለን። ዕለት ተዕለት ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ከውጭ የመጣ ተቆጣጣሪ የሚያልፈውን ነገር ያያል።

የዘንድሮውን ሰነድ ሲጀምሩም ያምናውን ከፊትዎ ያስቀምጡ። «እናሻሽላለን» ብላችሁ ከጻፋችሁት ውስጥ ሳይሻሻል የቀረውን ከነምክንያቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩት።