የልጁ አባት በሌለበት ልደት ማስመዝገብ

እህቴ፣ ሁለት ነገር ጠይቀሻል፦ የልጁ አባት ውጭ አገር ስለሆነ ብቻሽን ማስመዝገብ ትችያለሽ ወይ፤ አራስ ስለሆንሽ ደግሞ እናትሽ በአንቺ ፈንታ መሄድ ይችላሉ ወይ።

ብቻሽን ማስመዝገብ ትችያለሽ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደትን የማስመዝገብ ግዴታ በመጀመሪያ የወላጆች ነው፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ያስመዘግባል። ሁለቱም ከሌሉ በሕግ የታወቀ ሞግዚት፣ እሱም ከሌለ ልጁን ተረክቦ የሚያሳድገው ሰው ይተካል። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ከሆነ ያገኘው ሰው ለፖሊስ ያሳውቃል፣ ፖሊስ ያስመዘግባል። እናትሽ እንግዲህ አንቺ እያለሽ በአያትነታቸው ብቻ አስመዝጋቢ አይሆኑም። ቀነ ገደቡ 90 ቀን ስለሆነ ከአራስ ቤት እስክትወጪ በቂ ጊዜ አለሽ። ካለፈም ይመዘገባል፤ ግን የዘገየ ተብሎ ስለሆነ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው በአባት ስም ላይ ነው። ማስመዝገብና አባትነትን ማረጋገጥ የተለያዩ ናቸው። በሕግ ከተጋባችሁ ባልሽ የልጁ አባት እንደሆነ ሕጉ ስለሚገምት የጋብቻ ማስረጃሽንና የእሱን መታወቂያ ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ካልተጋባችሁና እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ካልኖራችሁ ግን የአንቺ ቃል ብቻ አይበቃም፤ አባትየው ልጁ የእኔ ነው ብሎ መቀበል አለበት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን በክብር መዝገብ ሹም (ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በሚመዘግበው ባለሥልጣን) ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ ሊያደርግ ይችላል። እናትም እውነት ነው ብላ ካልተቀበለችው አይጸናም። አባት ከሞተ ወይም ፈቃዱን መግለጽ ካልቻለ የእሱ አባት ወይም እናት በስሙ ሊቀበሉለት ይችላሉ፤ አያት ትልቅ ቦታ የሚኖራቸው እዚህ ላይ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በምትኖሪበት ያለውን አጣሪ።

የወለድሽበት ጤና ተቋም የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት አትርሺ።

ማኅተም ከመመታቱ በፊት ደግሞ ሰርተፍኬቱን ፊደል በፊደል አንብቢው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተለያይተው ሲጻፉ፣ ወይም የወላጅ ስም ከመታወቂያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ችግሩ የሚወጣው ከዓመታት በኋላ ፓስፖርት ሲጠየቅ ነው። ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየርም ይሳሳታል፦ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የፈረንጁ ቀን ከወትሮው በአንድ ይጨምራል። ልጅሽ በዚህ መሃል ከተወለደ እዚያው ቆመሽ አስቆጥሪው።