መልስ፦ ልጄ ጀርባዋን ከተሰፋች በኋላ ቤት ውስጥ ምን ልጠንቀቅ?

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወጣችልሽ። ስፓይና ቢፊዳ (ሕፃን በማህፀን ሳለ የጀርባ አጥንቱ ሳይዘጋ ቀርቶ ነርቮቹ የሚጎዱበት ችግር) ኖሮባት ጀርባዋ እንደተሰፋ ጽፈሻል። የእኔም ልጅ በዚሁ አልፏል።

ከሁሉ በላይ ጭንቅላቷን ተከታተዪ። ጀርባው ከተዘጋ በኋላ ብዙ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። እኔ ሰኞ ሰኞ በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቡ በላይ ዙሪያውን እለካና ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ሳታለቅስ እርግብግቢቷ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ዓይኖቿ ወደ ታች ካዘቀዘቁ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ውሰጃት።

ሰገራ ስፌቱን እንዳይነካው ዳይፐሯን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ሐኪሟ እስኪፈቅድ በጀርባዋ አታስተኚያት። ከስፌቱ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ወይም መግል ከወጣ፣ ወይም ካተኮሳት፣ አሁንም ሩጪ። ቅቤም ሆነ ቅጠል እንዳይቀባባት። አያቶች በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ አንቺም በፍቅር አስረጂያቸው።

ሽንቷን ደግሞ አደራ። ዳይፐሯ እርጥብ ነው ማለት ፊኛዋ ባዶ ሆኗል ማለት አይደለም። ውስጥ የሚቀር ሽንት ቀስ እያለ ኩላሊት ይጎዳል። ለእኛ ይህን የነገረን አልነበረም፣ ዘግይተን ነው ያወቅነው። ካቴተር (ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ያስፈልጋት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቂ። እግሯ ላይ ስሜት ላይኖር ስለሚችል የመታጠቢያውን ውኃ ሁልጊዜ በክርንሽ ለኪው።