ለሸዋ ሮቢት ሌላ ድረ ገጽ እንዳታሠሪ

እኅቴ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሶፋና አልጋ እያሠራሽ እንደምትሸጪ፣ አሁን ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍቺ እንደሆነ ገልጸሽ «ለአዲሱ ከተማ ለብቻው ድረ ገጽ ላሠራ ወይስ በነባሩ ላይ ልጨምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። በነባሩ ላይ ጨምሪ። መልሴ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ይህን ለማወቅ የከፈልኩት ዋጋ ነው።

እኔ የውኃ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ታንከር፣ ቧንቧና ቦይለር እሸጣለሁ፤ ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ የመስኖ ፓምፕና ጎማ። ሶፋና ፓምፕ ምን አገናኛቸው ትይኝ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው። በሁለቱ ከተሞች መሐል ካለው ከጣርማበር ዳገት በላይ ያለ የደጋ ደንበኛና ከጣርማበር በታች ያለ የቆላ ደንበኛ አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም፤ አንቺም ብትሆኚ ለብርድ ብለሽ ያለበስሽውን ወፍራም ሶፋ ቆላ ወርደሽ አትሸጪውም። ስለዚህ «ዕቃውም ሰውም ከተለየ ድረ ገጹም ይለይ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔን ያሳተኝ ይኸው ሐሳብ ነው።

አንደኛ፦ ሁለተኛ ዶሜይን፣ ማለት ሌላ የድረ ገጽ አድራሻ ስም፣ አትግዢ። ድረ ገጽ የሚሠራልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?» አለኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለው ትዝ ያለኝ ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው። አዲሱን ድረ ገጽ በሮቢ ወንዝ ስም ሰየምነው። ልጁም የደብረ ብርሃኑን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ የከተማውን ስም ብቻ ቀየረ። ጉግል ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲያገኝ አይቀጣሽም፤ አንዱን መርጦ ያሳያል፣ ሌላውን ወደ ጎን ይተወዋል። የእኔን ሲመርጥ ዕድሜ ያለውን፣ ሰው የሚያውቀውን የደብረ ብርሃኑን መረጠ።

በኅዳር ወር አንድ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ ሱቄ ገቡ። ሽንኩርት የሚያለሙ፣ የሸዋ ሮቢት አካባቢ የቀወት ሰው ናቸው። ልጃቸው በስልኩ ፈልጎ ያገኘው የደብረ ብርሃኑን አድራሻ ብቻ ስለነበር 95 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥተው መጥተዋል። የፈለጉት ፓምፕ ግን እዚያው አጠገባቸው፣ ሸዋ ሮቢት ሱቄ ውስጥ ተደርድሯል፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንድም አልነበረኝም። ጋቢዬን ደረብኩላቸው፣ ሻይ አስመጣሁ። «ታዲያ ዕቃህ የት እንዳለ ሳትናገር ነው የምትነግደው?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

የስሙ ነገር ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። ቅርንጫፍ ስትከፍቺ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ቅርንጫፉን ማስመዝገብ አለብሽ። ሄድኩ። በአንድ ጽሕፈት ቤት አንዲት ሠራተኛ በአዲሱ ድረ ገጽ ስም ያሳተምኩትን ቢዝነስ ካርዴን ገልብጣ አየችና «ይህ ድርጅት ማነው? ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው» አለችኝ። አስረዳሁ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ነገ»፣ ከዚያ «ሰኞ»፣ ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በአራተኛው ቀን ወንበር ስጪኝ ብላት በሩን አሳየችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በስሙ ጉዳይ ግን እውነቷን ነበር፤ አንድ ነጋዴ በሁለት ስም ካርድ ሲያሳትም ማን ነው ብሎ መጠየቅ ሥራዋ ነው። ስለ ወንበሩ ግን አልመለስም።

ከስሙ ፊት የከተማ ስም አስቀድሞ የሚሠራ ሰብዶሜይን የሚባል መካከለኛ መንገድም አለ። ጉግል ይህንንም፣ በነባሩ ሥር የሚጨመር ገጽንም እችላለሁ ይላል። ለእንደ እኔና አንቺ ዓይነቱ ነጋዴ ግን ሰብዶሜይን ለብቻው የሚከፈት፣ ለብቻው የሚጠበቅ ሌላ ቤት ነው። በነባሩ አድራሻ ሥር ከእዝባሩ (/) በኋላ «ሸዋ ሮቢት» የሚል አንድ ገጽ ይበቃሻል።

ሁለተኛ፦ ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ በዓይንሽ እይ። ከእኛ መሐል በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ጥቂት ነው። ልጁም «ውጭ ያለ ዘመዴ ይከፍልልሃል» አለ፤ እኔም በብር ሰጠሁት። ዘመድየው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። ዶሜይን የሚታዘዘው ለተመዘገበበት ሰው ነው፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁለት ዓመት በሰላም ሄደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ኅዳር ላይ የእድሳት ጊዜው ሲደርስ ልጁ «18,000 ብር» አለኝ። በኮም (.com) የሚያልቅ ተራ ዶሜይን በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፤ በአዲሱ ምንዛሪ እንኳ ቢሰላ 3,000 ብር አይሞላም። ሆስቲንግ፣ ማለት ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኪራይ፣ ጭምር ነው አለ፤ ሆስቲንጉ ደግሞ ለደብረ ብርሃኑ አስቀድሜ የከፈልኩበት ያው ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ እልህ አላጣም፤ «ይቅር!» አልኩት።

አልቀረም። በኮም የሚያልቅ ዶሜይን ጊዜው ሲያልፍ ባለቤቱ በተለመደው ዋጋ የሚያድስበት ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ በመጨረሻ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ልክፈል ብል እንኳ አልችልም፤ ባለቤቱ እኔ አይደለሁማ። አንድ ሰው ወሰደው። አሁን የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው የቁማር ማስታወቂያ ነው። አድራሻው ደግሞ በዕቃ ማድረሻ ኢሱዙዬ ጎን ላይ በትልልቁ ተጽፏል፣ ለደንበኛ ባደልኩት ካላንደር ላይ አለ። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ ወዳጄ ደውሎ «አንተ፣ ቁማር ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለኝ። የሽንኩርት ተከላ፣ የፓምፕ ገበያ የሚደራበት ወቅት ነበር።

አንቺ ምናልባት ሁለተኛውን ገዝተሽ ከሆነና በእጅሽ ካለ አትጣይው፤ እያንዳንዱን ገጽ በነባሩ ላይ ወዳለው አቻው በቋሚነት እንዲያዞርልሽ አድርጊ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደዚያ ይቆይ። እኔ ይህን ማድረግ አልቻልኩም። ዶላር የሚቸግርሽ ከሆነ ደግሞ በኢቲ (.et) የሚያልቀውን ኢትዮ ቴሌኮም ነው የሚያስተዳድረው፤ በብር ከፍለሽ በድርጅትሽ ስም ታስመዘግቢያለሽ። ያለ ዘመድ፣ ያለ ውጭ ካርድ።

ሦስተኛ፦ የሸዋ ሮቢቱን ገጽ የሸዋ ሮቢት ሰው ይጻፈው። ይህ የምኮራበት ነው። ከሱቁ ልጅ ጋር ተቀምጠን ደንበኛ በየቀኑ የሚጠይቀውን ጻፍን። ለምሳሌ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ውኃ የሚስብበት ጥልቀት በአየር ግፊት ይወሰናል፤ ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያው ፓምፕ ሸዋ ሮቢት ከሚስበው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያነሰ ይስባል። የነዳጅ ሞተሩም ደጋ ላይ ጉልበቱ ይደክማል። ይህን በሁለቱ ገጾች ለየብቻ ስጽፍ ጽሑፉ ራሱ ተለያየ፤ መገልበጥ ቀረ። ያንቺም እንጨት ከደጋ ቆላ ሲወርድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እሱን ጻፊ። ስልኩ፣ የሱቁ በር ፎቶ፣ እዚያ ያለው ዕቃ ብቻ ይኑርበት። ገጹን አታክብጂው፤ ዳታው ደካማ በሆነበት ቀን ከባድ ፎቶ አይከፈትም።

በጉግል ካርታ ላይ ግን ሁለቱን ሱቆች ለየብቻ አስመዝግቢ፤ ስሙ አንድ፣ ስልኩ የየራሱ፣ ማስፈንጠሪያውም ወደየራሱ ገጽ። ሸዋ ሮቢትን ሰዉ አንዴ ገጥሞ አንዴ ነጥሎ ይጽፋል፣ በላቲን ፊደልማ አይጣል ነው፤ ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ በገጹ ላይ አግቢ። ጉግል ሱቁን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ቅረጪ ካለሽ ከመንገዱ ጀምረሽ የሱቁን ማስታወቂያ እያሳየሽ ግቢ፤ የእኔን የመጀመሪያ ጊዜ የመለሰው ከውስጥ ስለጀመርኩ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፣ ስለ ቴሌግራም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ኢሱዙውን እስካሁን አላስቀባሁትም። ሾፌሩ በአድራሻው ላይ የፓምፕ ካርቶን ለጥፎበት ይወርዳል፤ ጣርማበር ላይ ነፋሱ ይገነጥልበታል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንደገና ይለጥፋል።