«ታወር ላይ ወደቅሁ» ላለ ልጅ፦ ስለ አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሥልጠና ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ፣ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጨረስኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ አዘዞ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ቤቴ ከአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም፤ የጠዋቱን በረራ ድምፅ ስሰማ እስካሁን እጄ ስትሪፕ (የእያንዳንዱ በረራ መረጃ የሚጻፍባት ቁራጭ ወረቀት) ፍለጋ ይሄዳል። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ከሥልጠና ተመልሶ «ታወር ላይ ወደቅሁ» ቢላቸው እናቱ ደንግጠው እግሩን ዳሰሱት፤ ታወር ማለት የመቆጣጠሪያ ማማው ነውና፣ ከፎቅ የወደቀ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው በየመንገዱ እያስቆመ ይጠይቀኛል። እንግዲህ በአንድ ላይ ጠይቁኝና ይገላገል። የት እንደሠራሁና ከእነማን ጋር እንደሠራሁ ግን አልናገርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ወደቀ» ሲባል ምኑን ነው የወደቀው? ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ሥራ ላይ?

መልስ፦ ሁለቱም አለ፤ ሕመሙ ግን አንድ አይደለም። ክፍል ውስጥና ሲሙሌተር ላይ የሚወድቅ ገና በጊዜ ነው የሚያውቀው። አውሮፕላኖቹም የኮምፒውተር ናቸው፤ ቢጋጩ ማንም አይሞትም። ከባዱ ማሠልጠኛውን ጨርሶ፣ ቤተሰብ ድግሱን ደግሶ ካበቃ በኋላ፣ በተመደበበት ቦታ እውነተኛ አውሮፕላን ሲያናግር የሚወድቀው ነው።

ብዙ ሰው የእኛን ፈቃድ እንደ መንጃ ፈቃድ ያየዋል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጎንደርም ነዳ ባሕር ዳር ያው ነው። የእኛ ሬቲንግ (ፈቃዱ ላይ የሚሰፍረው የሥራ ብቃት) ግን ከሥራው ዓይነትና ከቦታው ጋር የታሰረ ነው፤ ታወር (ማረፊያውና ዙሪያው) ለብቻው፣ አፕሮች (ወደ ማረፊያው የሚቀርቡና ከዚያ የሚወጡ በረራዎች) ለብቻው፣ ኤሪያ (በጉዞ ላይ ያሉ በረራዎች) ለብቻው። ኢካኦ (ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ስለ ፈቃድ አሰጣጥ በሚደነግገው አኔክስ 1 ባስቀመጠው መሠረት ለታወር ቢያንስ 90 ሰዓት ወይም አንድ ወር፣ ለአፕሮችና ለኤሪያ ደግሞ 180 ሰዓት ወይም ሦስት ወር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል፣ እዚያው ቦታ ላይ ከአሠልጣኝ ጋር መሥራት ግድ ነው። ዕድሜም 21 መሙላት አለበት። ይህ እንግዲህ ወለሉ ነው፤ የተጨናነቀ ቦታ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል። ሰዓቱን መጨረስ ደግሞ ማለፍ አይደለም፤ የመጨረሻው ቼክ፣ ማለትም የሥራ ላይ ፈተናው፣ አለ። ልጆቹ «ወደቅሁ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይችን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። ሥራ ላይ ግን አላለፈም። አንደኛ የነበረ ልጅ እንዴት ይወድቃል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ደብተር ላይ አንደኛ የሚወጣ ልጅ አንድን ነገር ጠልቆ፣ አስቦ፣ ደጋግሞ አይቶ የሚመልስ ነው። ታወር ላይ ደጋግሞ ማየት የለም። የጥምቀት ሰሞን እንግዳ የሞላባትን የጎንደር ሴት አስቧት። ምጣዱ ላይ እንጀራ አለ፣ ወጡ ሊያርር ነው፣ በሩ ይንኳኳል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። እንጀራው ስንት ደቂቃ እንደቀረው ሰዓት አታይም፤ በር ልትከፍት እየሄደች እንኳ አክንባሎውን መቼ እንደምታነሳ ታውቃለች። እኛ ይህን «ፒክቸር» እንለዋለን። አንዱ ለማረፍ እየመጣ ነው፤ ሌላው መንደርደሪያው መግቢያ ላይ ቆሞ «ዝግጁ ነኝ» ይላል፤ መንደርደሪያው ላይ ከብት ሊያባርር የገባ መኪና አለ፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ከሌላው ማዕከል የሚመጣ አውሮፕላን ሰዓቱ ተቀይሯል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ሥሎ የሚይዝ አለ። አንዷ ስትጨመርበት ሥዕሉ በሙሉ የሚጠፋበትም አለ። ሲጠፋበት ከፊቱ ታውቀዋለህ፤ ዝም ይላል፣ እጁ ስትሪፑ ላይ ይደርቃል። ከኋላው የቆመው አሠልጣኝ ያኔ ድምፁን ቀምቶ ፍሪክዌንሲው ላይ ይገባል። ፈቃዱ የአሠልጣኙ ነው፤ ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ሌላው የሚወድቁበት ነገር ጆሮ ነው። አብራሪው የተሰጠውን ትዕዛዝ ደግሞ ይናገራል፣ ሪድባክ ይባላል። ሠልጣኙ የሚሰማው አብራሪው ያለውን ሳይሆን እሱ ራሱ የተናገረውን ነው። «ሰባት ሺህ» ብሎት አብራሪው «ስድስት ሺህ» ቢል «ትክክል» ብሎ ያልፋል። ይህ ከጉብዝና ጋር ምንም አይገናኝም። በልምምድ የሚስተካከልለት አለ፣ የማይስተካከልለትም አለ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አነጋገሬ ደካማ ነው። በሱ ብቻ ሊጥሉኝ ይችላሉ?

መልስ፦ አዎ፣ ይችላሉ፤ ልክም ናቸው። ደረጃው ከ1 እስከ 6 ነው፤ ለሥራ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። የቃላት አጠራር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ብዛት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ምልልስ ተለይተው ይመዘናሉ፤ ከሁሉ ዝቅ ያለችው ውጤት የአንተ ውጤት ትሆናለች። አምስቱን 5 አምጥተህ አጠራርህ 3 ከሆነ 3 ነህ። ደረጃ 4 ያለው በየሦስት ዓመቱ፣ 5 ያለው በየስድስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል፤ 6 የደረሰ እንደገና መፈተን አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1996 ሕንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ላይ የሳዑዲና የካዛክስታን አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰው አለቀ። ካዛኩ 15 ሺህ ጫማ ላይ እንዲቆይ ተነግሮት ነበር፤ ሳዑዲው 14 ሺህ ላይ ነበረ። ካዛኩ ከተፈቀደለት በታች ወረደ። ከምርመራው ከወጡት ነገሮች አንዱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ጉድለት ነው። የዛሬው የቋንቋ ሕግ ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች የመጣ ነው፤ ስለዚህ ፈታኙን አትቀየመው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ፒ»ን ወደ «ቢ» የምናስጠጋት ነገር አለች፤ እሷን ከአሁኑ ተለማመድ።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ።

መልስ፦ ችግር የለም። የሚታየው መነጽሩን አድርገህ ያለህ ዕይታ ነው፤ ለሩቅ ዕይታ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 6/6 ከደረሱ ይበቃል። ቀለም መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ማሠልጠኛ ከመግባትህ በፊት ዓይን ሐኪም ጋ ሄደህ ተመርመር፤ ከዓመት ሥልጠና በኋላ የሚያውቅ ልጅ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ ካለቀበት ወዲያው «ሂድ» ይባላል?

መልስ፦ ደህና በሚሠራበት ቦታ አይባልም። አሠልጣኙ በየፈረቃው ሪፖርት ይጽፋል። ሠልጣኙ ካልተራመደ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል፤ አንዳንዴ አሠልጣኝ ይቀየርለታል። ከዚያም የሚወስን ቡድን ይሰበሰባል፦ ይቀጥል፣ ቀለል ወዳለ ቦታ ይዛወር፣ ወይስ ከቁጥጥር ሥራ ይውጣ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። እኔ ራሴ የወደቅሁ ሰው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ኤሪያ ሞከርኩ፤ ራዳር ሳይሆን በፕሮሲጀር፣ ማለትም በሰዓትና በርቀት ስሌት አውሮፕላን የማራራቁን ሥራ። አንዱ ከአንዱ በአሥር ደቂቃ ወይም በ1,000 ጫማ ከፍታ ይለያል፤ ይህን ለአሥር አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ማስላት ነው። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠኝ፤ አልሆነም። ማንም አልበደለኝም። ወደ ታወር ተዛወርኩ፤ እዚያ በመስኮት አያለሁ፣ ዓይኔ ያግዘኛል። እስከ ጡረታ ሠራሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ለሠላሳ ዓመት «ያ ጎበዝ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አላረምኩም።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ሲገባ አጎቱ ዋስ ሆኖለት ነበር። አሁን ካላለፈ አጎቱ ይከፍላል?

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ውሉን ያስወጡት። የሚፈልጉት ሁለት ቃል ነው፦ «ቢያቋርጥ» እና «ባያልፍ»። በገዛ ፈቃዱ ትቶ የሄደና ሞክሮ ያልተሳካለት አንድ አይደሉም። ብዙ የሥልጠና ውል ላይ ዕዳው የሚመጣው በመጀመሪያው ነው፤ አንዳንዱ ግን ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ያጠቃልላል። ስለዚህ ልጁ ተበሳጭቶ «ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት እንዳይጽፍ ይምከሩት። ያላለፈ ሰው በገዛ እጁ የለቀቀ ካስመሰለ፣ አጎቱ ላይ ነገር አመጣ ማለት ነው። ከዚያ ከመጨቃጨቅ በፊት ጠበቃ አንድ ጊዜ ይይላቸው።

ጥያቄ፦ አሠልጣኙ ጠልቶኝ ነው የጣለኝ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ልንገርህ፤ አንድ አሠልጣኝ አውቃለሁ፣ ፈረቃው ሲያልቅ ሪፖርቱን ጽፎ፣ አስፈርሞ ዝም ብሎ ይወጣ ነበር። ልጁ ምን እንዳጠፋ የሚያውቀው ከሦስት ወር በኋላ ስብሰባ ላይ ነው። ይህ ማሠልጠን አይደለም። ግን ከመክሰስህ በፊት ሪፖርቶችህን አንብብ። አንድ ዓይነት አስተያየት በሦስት የተለያዩ ሰዎች ከተጻፈ፣ ሦስቱም አልጠሉህም።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኛል፤ አሜሪካ ሄጄ ልሞክር አስቤያለሁ። እዚያ የወደቀ ምን ይሆናል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፤ ግን ዕድሜህን ቁጠር። እዚያ ለመቀጠር ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፤ በግሪን ካርድ አይሆንም። ከግሪን ካርድ እስከ ዜግነት በአብዛኛው አምስት ዓመት ነው። አዲስ አመልካች ደግሞ ከ31 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ጡረታውም በ56 ነው። አሁን 27 ከሆንክ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው።

ለገቡት ግን አሠራሩ ደረቅ ነው። መጀመሪያ ኦክላሆማ ሲቲ የሚገኘው አካዳሚ ይገባሉ፤ እዚያ የወደቀ ሥራው እዚያው ያበቃል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት በ2025 እንደተናገሩት ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት አካዳሚው ላይ ይቀራሉ። አካዳሚውን አልፎ በተመደበበት ማዕከል ያልተሳካለት ግን ሌላ ዕድል ሊያገኝ ይችላል። ማዕከሎቻቸው እንደ ሥራው ክብደት ከ4 እስከ 12 ደረጃ አላቸው፤ ከላይ ያልቻለውን ዝቅ ወዳለ ደረጃ ሊያዛውሩት ይችላሉ፤ ሊያሰናብቱትም ይችላሉ። ማዛወሩ የዛሬ ሥንት ዓመት እኔን ከኤሪያ ወደ ታወር እንዳዛወሩኝ ማለት ነው፤ ደሞዙ ብቻ ነው የሚለያየው።

ጥያቄ፦ አንዴ ያለፈ ሰው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል?

መልስ፦ እንዴታ። ሬቲንግህን ሳትሠራበት ከቆየህ ይሞታል፤ ኢካኦ ያስቀመጠው ጣሪያ ስድስት ወር ነው። ወልዳ የተመለሰች ወይም ታሞ የቆየ ባልደረባ እንደገና ከአሠልጣኝ ጋር ተቀምጦ ቼክ ይደረጋል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ከልጅ ጎን ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ማንም አይስቅም።

ጥያቄ፦ ታወሩ አልሆነም እንበል። ሌላ ምን መሥራት ይቻላል? እናቴ ጋ ጠላ ልጥመቅ?

መልስ፦ ጠላውም ክብር ያለው ሥራ ነው፤ ግን የተማርከውን አትጣለው። አውሮፕላን የሚያውቅ፣ የአየር ሁኔታ ሪፖርት የሚያነብ፣ ፍሬዚዮሎጂ (የተወሰነውን የሬዲዮ አነጋገር) የሚችል ሰው በቀላሉ አይገኝም። የበረራ መረጃ ክፍል አለ፣ ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) የሚያዘጋጀው። አየር መንገድ ውስጥ ዲስፓቸር (በረራውን ከምድር ሆኖ የሚያቅድ) አለ፤ እሱም የራሱ ፈቃድ አለው፣ ዕድሜው እዚያም 21 ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ኦፕሬሽን አለ፣ ሚቲዎሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ክፍል) አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሱዶ ፓይለት የሚባለው ነው፤ ሲሙሌተር ክፍል ጀርባ ተቀምጦ እንደ አብራሪ እየመለሰ ሠልጣኞችን የሚያለማምድ። የወደቀ ልጅ እዚህ ሥራ ላይ ይዋጣለታል፤ ሠልጣኙ የት ላይ እንደሚደናገጥ ከማንም በላይ ያውቃልና።

ጥያቄ፦ እንደ ጎንደር ያለ ትንሽ ታወር ቀላል ነው አይደል? ቀኑን ሙሉ ጥቂት በረራ ብቻ።

መልስ፦ ጥቂት በረራ ማለት እንቅልፍ ማለት ነው፤ እንቅልፍ ደግሞ ከብዛት የከፋ ጠላት ነው። ሜዳው ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ይሮጣል፤ መንደርደሪያውን ቶሎ የሚለቅልህ አይምሰልህ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ጥቂት የነበረው ይበዛል። እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ስለ ጥምቀት ከጀመርኩ አላቆምም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያ ልጅ። እናቴ ዛሬም እግሬን እያዩ ነው። ተመልሼ ልሞክር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አንተ ነህ እንዴ? ታዲያ አጥር ለአጥር ሆነን እዚህ ትጠይቀኛለህ? ቅዳሜ ከሰዓት ሪፖርቶችህን በሙሉ ይዘህ ና። ደጋግመው የጻፉብህ ሪድባክ ከሆነ፣ እኔ አብራሪ ሆኜ እዚሁ በረንዳ ላይ እንለማመዳለን፤ ሊስተካከል ይችላል። ሥዕሉ የሚጠፋብህ ከሆነ ግን እንደኔ ቦታ እንድትቀይር እነግርሃለሁ፤ ማመልከቻውንም አብረን እንጽፋለን። እናትህንም ይዘሃቸው ና፤ እግርህ ደህና መሆኑን እኔ ልመስክርላቸው።