ቁስሉ ከዳነ ለእጮኛዬ ዝም ልበል ወይ ላልሽው እህቴ

አብሽሪ የኔ እህት። ከሐይቅ ነኝ፣ ሀኪም የብልት ሄርፒስ ነው አለኝ፣ ኒካችን ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ልንገረው ወይስ ቁስሉ ስለዳነ ዝም ልበል ያልሽውን ሳነብ ያኔ ደሴ ቤቴን ዘግቼ ያለቀስኩት ትዝ አለኝ። እኔ ከያዘኝ 9 አመት ሆነኝ፣ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ።

መጀመሪያ ሲወጣብኝ ትኩሳት፣ ብሽሽቴ አብጦ፣ ሽንቴ እንደ በርበሬ እያቃጠለኝ፣ አንዲት ጎረቤቴ አልማዝ ባለጭራ ነው አለችኝና ቅባት ስቀባ ሁለት ሳምንት አለፈ። አልማዝ ባለጭራ ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ይሄኛው ምች መታኝ እያልን ዳማከሴ ከምናሽለት የከንፈር ቁስል ጋር ነው ቅርበቱ፣ እንዲያውም ከንፈሩ ላይ ያለበት ሰው በአፍ ሲነካሽ ወደ ብልት ሊያስተላልፍብሽ ይችላል። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ መቼ እንደያዘሽም ላታውቂ ትችያለሽ፣ ስለዚ ማን ሰጠኝ እያልሽ አትብሰልሰዪ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ንገሪው። ቁስሉ ዳነ ማለት አይተላለፍም ማለት አይደለም። ቆዳሽ ንፁህ ሆኖ እያለም አንዳንድ ቀን ቫይረሱ ይወጣል፣ ብዙ ሰው የሚይዘውም ምንም ምልክት ከሌለበት ሰው ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ከባሌ በፊት ለነበረው ሰው ዝም አልኩት፣ ከ4 ወር በኋላ እሱም ላይ ወጣ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ለባሌ ግን ሽማግሌ ሳይልክ በፊት፣ በቀን፣ ኮምቦልቻ ቡና እየጠጣን ነገርኩት። አልጋ ላይ ሆነሽ እንዳትጀምሪው፣ እሱ ሰአት ማሰቢያ አይሰጥም። ሳምንት ሙሉ አልደወለም፣ ከዛ ሀኪሙ ጋ አብረን እንሂድ አለኝ፣ ሄድን፣ ኤችአይቪም ሁለታችንም ተመረመርን ምክንያቱም ሄርፒስ ያለበት ሰው ኤችአይቪም በቀላሉ ይይዘዋል።

አኗኗራችን እንዲህ ነው፣ ቁስሉ ሳይወጣ በፊት ጭኔን ይነዝረኛል ያሳክከኛል፣ ከዛች ሰአት ጀምሮ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪድን አንነካካም፣ በኮንዶምም ቢሆን። ሌላ ጊዜ ኮንዶም እንጠቀማለን፣ ይቀንሰዋል እንጂ ሁሉን ቆዳ ስለማይሸፍን ሙሉ መከላከያ አይደለም። የመጀመሪያው አመት ቶሎ ቶሎ ሲመላለስብኝ ሀኪሙ አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ በየቀኑ አዘዘልኝ፣ በጣም ረገበልኝ። ቫላሳይክሎቪር የሚባለው ደሞ በየቀኑ 500 ሚሊግራም ሲወሰድ ወደ ፍቅር ጓደኛ መተላለፉን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፣ ካገኘሽው ሀኪምሽን ጠይቂ። ከነርቭ የሚያጠፋው መድሃኒት የለም፣ በፀበልም በሩቅያም ጠፋልኝ ብሎ መድሃኒቱንና ጥንቃቄውን የሚተው ሰው ሳይ ያመኛል። ባሌ እስካሁን ምልክት አላየበትም።

ስታረግዢ ለአዋላጇ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያት። እኔ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ መድሃኒት ወሰድኩ፣ ምጥ ሲመጣ ቁስል ስላልነበረኝ በምጥ ወለድኩ፣ ቁስል ቢኖር ኖሮ በኦፕራሲዮን ነበር። ለልጅ በጣም አደገኛው እናት እርግዝናዋ መጨረሻ ላይ አዲስ ሲይዛት ነው።

እና ደሞ ስኒሽን ፎጣሽን ከእናትሽ ቤት አትለዪ። የብልቱ በስኒ፣ በአንሶላ፣ በሽንት ቤት አይተላለፍም፣ እኔ አንድ አመት ሙሉ ለይቼ እማዬን በከንቱ አሳስቤያታለሁ።