በጋራ የሚሠራ የድሮን ሙዚቃ አልበም፦ ጠይቁኝ

ሐዋሳ ያለን ጥቂት ልጆች አንድ የአምቢየንት ድሮን (አንድ ድምፅ ረጅም ጊዜ የሚዘልቅበት ረጋ ያለ ሙዚቃ) አልበም አብረን ጀምረናል። አንዱ ትራክ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ጥያቄው ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዜማ የለውም ማለት ነው?
መልስ፦ ከሞላ ጎደል የለውም። አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፤ ቀስ እያለ የሚለወጠው የድምፁ ቀለም ነው። ዜማ የሚጠብቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ይሰለቸዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንድ ድምፅ ለመያዝ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል?
መልስ፦ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው ወንድሜ። ማሲንቆን ውሰድ። ደጋኑ በሚመለስበት ቅጽበት ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁለት መቺ ካለ ተራ በተራ ይመልሳሉ፣ ስንጥቁ ይደፈናል። ደግሞ አንዱ 110 ኸርዝ (በሰከንድ 110 ንዝረት)፣ ሌላው 110.5 ቢይዝ ድምፁ በየሁለት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያንን ማንም አልተጫወተውም፤ ከሁለቱ መዛነፍ የመጣ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲና አኮርዲዮን ተጫዋች ፖሊን ኦሊቬሮስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገብታ ቀርጻለች። ቦታው ድምፅን ለ45 ሰከንድ ያህል ያስተጋባል። አኮርዲዮኑ ዝም ካለ በኋላ እንኳ የባልደረባዋ ትሮምቦን ከማስተጋባቱ ጋር አብሮ ነው የሚጫወተው። እዚያ ቦታ ላይ ዝም ማለት የማይችል ሰው ሁሉን ያጨቀየዋል። የኛም ችግር ይኸው ነው፤ ሁሉም ካልተጫወትኩ ይላል።

ጥያቄ፦ በገና ልጨምር አስቤ እናቴ ተቆጣችኝ።
መልስ፦ ቁጣዋን አታቅልለው። በገና የጸሎት ነው፣ በተለይ የዐቢይ ጾም። ድምፁ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ያ ንዝረት በአውታሩና አውታሩን በሚሸከመው ብርኩማ መሃል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው የሚመጣው። እኛ ደርዳሪውን ጠየቅን፣ አልወደደም፣ ተውነው።

ጥያቄ፦ ኔትወርኩ እንዲህ ደካማ ሆኖ ፋይል እንዴት ትለዋወጣላችሁ?
መልስ፦ 20 ደቂቃ ስቴሪዮ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ 345 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሪው፤ ጥራቱ ሳይነካ ይቀላል። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ላኪው እንጂ በድምፅ መልእክት እንዳይሆን፣ ይጨመቅና ሳስቶ ይደርሳል። ካልሆነ ፍላሽ ይዘሽ ብቅ በይ።

ጥያቄ፦ የሐይቁን ድምፅ ብታስገቡስ?
መልስ፦ ሁሉም ይሄን ይላል! ፍቅር ሐይቅ ላይ ነፋሱ ማይኩን ይደፍቀዋል። አሞራ ገደል ደግሞ የዓሣ ሻጮቹ ወሬ ይገባል፤ ጆሮ ወሬ ከሰማ ድሮኑን ይተወዋል። ለእኔ ቆሞ የሚንተከተክ ባጃጅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብር አለው?
መልስ፦ የለውም። ስፖቲፋይ ላይ 30 ሰከንድ ከተደመጠ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘፈኑ 2 ደቂቃ ይሁን 20 ለውጥ የለውም።

ጥያቄ፦ ክራር ብቻ ነው ያለኝ። ልግባ?
መልስ፦ ግባ እንጂ። መቃኛህን 440 ኸርዝ ላይ አድርግ፣ ላ (A) በሚባለው ድምፅ ላይ ለ10 ደቂቃ ሳታቋርጥ ምታና ላክልኝ። ማስዋብ አያስፈልግም።