ማንዋሉ ላይ ያየሽውን የፊደል ግድፈት ስለማረም

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፊዮ በተባለው የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ስትሠራ ማንዋሉ ውስጥ ስምንት የፊደል ግድፈቶች አግኝታለች። «አርሜ ልላክ ወይስ ለዚህች ብዬ ሰው ባላስቸግር ይሻላል? ኮድ ጽፌ የማላውቅ ብሆንስ?» ትላለች።

ላኪ። ኮድ አለመጻፍሽም አያግድሽም፤ እኔ ራሴ የገባሁት በዚሁ በር ነው። ነገር ግን የመለኪያ መሣሪያ ማንዋል እንደ ጋዜጣ አይታረምም። ከቃላቱ ገሚሱ ፕሮግራሙ የሚያነባቸው ትእዛዞች ስለሆኑ፣ ሳያጣሩ ያቃኑት ፊደል የሰው ሥራ ያበላሻል።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ልንገርሽ። ማንዋሉን ተራ የፊደል ማረሚያ ውስጥ ከፈትኩት። ገጹ በአንድ ጊዜ ቀላ። ማረሚያው ያቀረበልኝን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ተቀበልኩና ለማረጋገጥ ያህል ራሴ ባረምኩት ጽሑፍ መሠረት ትንሽ የሥራ ፋይል ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ አማራጭ አላውቅም ብሎ ቆመ። ለካ «ኖራንደምማፕ» የሚለውን ተለያይተው መጻፍ ያለባቸው ሦስት ቃላት አድርጌው ኖሯል። እሱ ግን የአማራጭ ስም ነው፤ ፊዮ በዘፈቀደ ሲያነብ ወይም ሲጽፍ የትኛውን ብሎክ ቀደም ብሎ እንደነካ መዝግቦ መያዙን እንዲተው የሚነገርበት። በእንግሊዝኛው ሁለት «ኤም» ጎን ለጎን የተደረደሩበት አስቀያሚ ቃል ነው፤ ቢሆንም ስሙ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ፦ ቃሉን ከመንካቴ በፊት በጊት ግሬፕ (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለው ፕሮግራም የቃል መፈለጊያ) ምንጭ ኮዱ ውስጥ እፈልገዋለሁ። ኮዱ ውስጥ በስምነት ከተገኘ አልነካውም፤ በእርግጥ የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ። ዩኒክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ «ክሪኤት» መጨረሻው ላይ «ኢ» ጎድሎት ነው እስከ ዛሬ የሚኖረው። ድረ ገጾች በሚላላኩበት በኤችቲቲፒም «ሪፈረር» የሚባለው መስመር አንድ «አር» ጎድሎት እ.ኤ.አ. በ1996 ሰነድ ውስጥ ገባ፤ አሁንም እንደጎደለው ያገለግላል። በፊዮም ውጤቱ ፕሮግራሞች በሚያነቡት በጄሰን ቅርጽ ሲወጣ እያንዳንዱ ስም የሌላ ሰው ስክሪፕት የሚጠብቀው ስም ነው። እዚያ ላይ ያለ ግድፈት ቢያሳክክሽም ለብቻው ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ከፊደል እርማት ጋር ተደብቆ አይሄድም።

ስለ መሣሪያው፦ አስፔል የተባለው የፊደል ማረሚያ የማያውቀውን ቃል ሁሉ ስለሚያቀላ ለዚህ ሥራ ያደክማል። ኮድስፔል ይሻላል፤ እሱ የሚሠራው በተለመዱ ስሕተቶች ዝርዝር ስለሆነ የማያውቀውን አያስቸግርም። በራሱ ፋይሉን እንዲያርም ግን አትፍቀጂለት። ያገኘውን እንዲያሳይሽ አድርጊና በእጅሽ አርሚ።

ዋናው ድካም ያለው ማረሚያው በማያያቸው ስሕተቶች ላይ ነው። «ስላት» እና «ክላት» የሚሉትን ሁለት የመዘግየት መለኪያዎች ውሰጂ። አንደኛው ጥያቄውን ለማስረከብ የፈጀውን ጊዜ፣ ሁለተኛው ከተረከበ በኋላ እስኪጠናቀቅ ያለውን ጊዜ ይነግራል። በእንግሊዝኛ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ «ስላት» ደግሞ በራሱ የእንግሊዝኛ ቃል ስለሆነ በስሕተት ቢገባ ማረሚያው ዝም ይላል። የጊዜ አሃዶቹም እንዲሁ ናቸው፦ የናኖ፣ የማይክሮና የሚሊ ሰከንድ ምሕጻሮች በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ግን በየደረጃው 1000 እጥፍ ነው። ትንሿ «ቢ» ቢት ናት፣ ትልቋ «ቢ» ባይት፤ እዚያ 8 እጥፍ።

ከሁሉም የሚያሳስተው የ«ኬ» ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ባጸደቀው አጻጻፍ «ኬ» ላይ «አይ» ሲጨመርበት 1024፣ ሳይጨመርበት 1000 ነው። ፊዮ ግን ግብዓት ሲቀበል በነባሪ አሠራሩ ይህን ገልብጦ ይይዛል፤ «4ኬ» ብለሽ ብትጽፊለት 4096 ባይት ይረዳል፣ «አይ» ከተጨመረበት ደግሞ በ1000 ያባዛል። ምክንያቱ የድሮ ስክሪፕቶች እንዳይበላሹ ነው፤ ማንዋሉም ይህን በግልጽ ጽፎታል። ደረጃውን የሚያውቅ ትጉህ አራሚ ሊያቃናው የሚቸኩለው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ያዳነኝ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብዬ ማንበቤ ነው።

እግረ መንገዴን የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። እኛ አማርኛ አንባቢዎች «ዓለም»ንም «አለም»ንም፣ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ»ንም እያየን ሳንደናቀፍ ስለምናልፍ ዓይናችን ይቅር ባይ ነው። መጥበቅና መላላትንም በፊደል አንጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» የሚለው፣ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል መደገም ሲገባው ሳይደገም ቢቀር በቀላሉ ያመልጠናል። እኔ በዚህ ስለተጎዳሁ እንዲህ ያለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። ለሚያየኝ ሰው የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ይሠራል ግን።

የት የት ታርሚያለሽ? የፊዮ ማብራሪያ በአንድ ቦታ የተቀመጠ አይደለም። ሐው ቱ የተባለው ፋይልና ማን ፔጁ («ማን» በሚለው ትእዛዝ የሚከፈተው ማንዋል) አብዛኛው ጽሑፋቸው አንድ ነው፤ አንዱን አርመሽ ሌላውን ከተውሽ ሥራው ግማሽ ነው። በትእዛዝ መስመር የሚወጡት አጫጭር ማብራሪያዎች ደግሞ ኮዱ ውስጥ ናቸው። ሁሉንም ፈልጊ።

ሁለቱ ፋይሎች የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ሐው ቱው የተጻፈበት አርኤስቲ የተባለው የሰነድ አጻጻፍ ርእስን የሚለየው ከሥሩ በተደረደሩ ምልክቶች ነው። ርእሱ ላይ አንድ ፊደል ስትጨምሪ ሥሩ ያለው መስመር ካጠረ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እሱንም በአንድ ምልክት አስረዝሚው። ማን ፔጁ ግን ይብሳል፤ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሁሉ እዚያ ትእዛዝ ነው። አንድ ጊዜ አንቀጽ ለማስዋብ መስመሮቹን አሸጋሸግኩና በነጥብ የሚጀምረው የፋይል ቅጥያ የመስመር መነሻ ላይ ወደቀ። ጽሑፉን በአርታዒው ሳየው ሙሉ ነው፤ በ«ማን» ትእዛዝ ስከፍተው መስመሩ የለም። እስኪገባኝ ድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

መስመር አታሸጋሽጊ የምልሽ ለዚህ ብቻ አይደለም። አንድ ፊደል አርመሽ አሥራ አራት መስመር ከተለወጠ፣ የሚገመግመው ሰው ያቺን ፊደል ፍለጋ አሥራ አራት መስመር ሊያነብ ነው። መስመሩ ትንሽ ቢረዝም ይርዘም። ከመላክሽ በፊት ለውጡን በቃል ደረጃ የሚያሳየውን የጊት ዲፍ አማራጭ ተጠቀሚና ያላሰብሽው ነገር አብሮ አለመግባቱን እይ።

እርማቶቹን በአንድ ኮሚት (ጊት በአንድ ጊዜ የሚመዘግበው የለውጥ ጥቅል) አድርጊያቸው፤ ከኮድ ለውጥ ጋር አትቀላቅያቸው። ርእሱ ሰነድ መሆኑን ይናገር፣ ከሥሩ አንድ መስመር ይበቃል። መጨረሻ ላይ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚለውን ከስምሽና ከኢሜይልሽ ጋር አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የመጣ ሥርዓት ነው፤ ጽሑፉን የማቅረብ መብት እንዳለሽ የምታረጋግጪበት ፊርማ ነው። የፊዮ ጀማሪ የንስ አክስቦ የከርነሉ የብሎክ ክፍል (ከዲስኮች ጋር የሚሠራው) ኃላፊ ስለሆነ አሠራሩ አብሮ መጥቷል። ሌላው፣ ያነበብሽው ከሊነክስ ስርጭት ጋር የተጫነ አሮጌ ቅጂ ሊሆን ስለሚችል አዲሱን አውርደሽ አመሳክሪ። እኔ አንድ ጊዜ ከላክኋቸው አምስት ውስጥ አራቱ ቀድመው ታርመው አግኝቻለሁ።

የዘረዘርሻቸውን አየኋቸው። «ሴፐሬት» መካከሉ ላይ በ«ኤ» ፈንታ «ኢ» የገባበት ትክክለኛ ግድፈት ነው፣ አርሚው። «ዘ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ጊዜ የተጻፈችበትም እንዲሁ፤ አንዱ የመስመር መጨረሻ፣ ሌላው የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ነው ሰው ያላየው። ማን ፔጁ ላይ መስመሩ የሚሰበረው ሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል እዚያም ፈልጊው። አምስተኛው፣ «ቢሄቪየር» «ዩ» ተጨምሮበታል ያልሽው፣ የብሪታንያ አጻጻፍ ነው። እሱን ተዪውና ሰባቱን ላኪ።